የኩርሙክ ከረጢትና የሐምሌ ጉባኤ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አሶሳ የደረሰ መንገደኛ፣ የማንጎ ጥላ ካረፈባቸው የከተማይቱ መንገዶች ወጥቶ በሆሞሻ በኩል ወደ ቆላው እያዘቀዘቀ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢጨምር፣ አገሩ የሚያበቃበትን ኩርሙክን ያገኛል። ኩርሙክ የሁለት ከተሞች ስም ነው፤ አንደኛዋ የኢትዮጵያ፣ ሁለተኛዋ የሱዳን ስትሆን በመካከላቸው ያለው ክረምት ሲገባ የሚሞላ፣ በጋ ሲሆን የሚደርቅ ወንዝ ብቻ ነው። በ1894 ዓ.ም. በግንቦት ወር ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት የወሰን ውል መሠረት መሥመሩ ሲሰመር፣ በወዲህና በወዲያ የተከፈለው የበርታ ሕዝብ ግን በቋንቋው፣ በጋብቻውና በገበያው እንደ ቀድሞው አንድ ሆኖ ቀረ።

ከእንዲህ ያለ ጠረፍ ላይ ቆሞ ስለ በጀት መናገር ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል፤ በጀት ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው በክረምት መግቢያ ላይ በራዲዮን የምንሰማውን፣ በቢሊዮን የሚቆጠረውንና የሕዝብ ተወካዮች የሚያጸድቁትን የአገር ሒሳብ ነውና። ነገር ግን አንዲት የኩርሙክ እናት የታመመ ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ስትደርስ የምታገኘው ነርስ ደመወዝ፣ የመንደሯ የውኃ ጉድጓድ ፓምፕ የተሰበረ እንደ ሆነ የሚጠገንበት ገንዘብ፣ የግብርና ባለሙያው ወደ ማሳዋ የሚመጣበት የሞተር ሳይክል ቤንዚን፣ ይህ ሁሉ የሚያልፈው በወረዳው ምክር ቤት በኩል ነው። የመንግሥት ሥልጣን ለተራው ሰው ፊቱን የሚያሳየው በዚህ ደረጃ ሲሆን፣ ተራው ሰውም ቢናገር የመሰማት ተስፋው ከሌላው ይልቅ የሚበረታው በዚሁ ደረጃ ነው።

ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበልና ወደ ነገሬ ልመለስ። በወረዳ ስብሰባ ላይ የምንሰማቸው ቃላት ሁለት አባት ያላቸው ናቸው። ጉባኤ፣ አፈ ጉባኤ፣ ቃለ ጉባኤ የተባሉት ከግእዝ የወረስናቸው ሲሆኑ፣ የኒቅያን ጉባኤና ሠለስቱ ምእትን ለሚያስብ የቤተ ክህነት ሰው ጉባኤ ማለት ተከራክሮ ወደ አንድ ቃል መድረስ ነው፤ ቃለ ጉባኤም ከዚያ ክርክር የተረፈው ቃል ነው። መዝገብ የምንለውም ዛሬ ደብተርና ፋይል ይሁን እንጂ በግእዙ ሀብት የሚከማችበት ቤት ነበር። በጀት የሚለው ቃል ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ የጥንት ፈረንሳዮች ትንሽ የቆዳ ከረጢት ይሉት ከነበረ ቃል ወጥቶ በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሒሳብ መጠሪያ ሆነና ወደ እኛም ደረሰ። እንግዲህ የበጀት ጉባኤ ማለት፣ በሁለቱ ቃላት ትርጉም ከሄድን፣ ከረጢቱን በሰው ፊት ፈትቶ ስለ ይዘቱ መከራከር ነው። በወንዝ ዳር አሸዋውን በገበቴ አጥባ ያገኘቻትን የወርቅ ቅንጣት በጨርቅ ጫፍ ለምትቋጥር የበርታ ሴት ይህ ትርጉም ሩቅ አይሆንባትም።

ከረጢቱ ወደ ታች እንዲወርድ በአገራችን የተደረገው ሙከራ ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ለማዘጋጃ ቤቶች ምክር ቤት እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር፤ ይሁን እንጂ በነዋሪነት የመመረጡ ዕድል የተሰጠው የማይንቀሳቀስ ንብረት ላለው ሰው ስለ ነበር፣ ጎጆውን በሰው መሬት ላይ የቀለሰ ድኃ በዚያ ሸንጎ ስፍራ አልነበረውም። ከዚያ ሁሉ ይልቅ ሊነገር የሚገባው ግን በ1958 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 43 የታሰበው የአውራጃ ራስ አስተዳደር ነው። አሳቡ ያማረ ነበር፤ ለመጀመሪያው ዐሥራ ሰባት አውራጃዎች ተመርጠው፣ ሕዝቡ እንደራሴዎቹን መርጦ ትምህርት ቤቱን፣ መንገዱንና ጤና ጥበቃውን ራሱ እንዲያስተዳድር ተዘጋጀ። ነገር ግን አውራጃው ገቢ የሚያገኝበት የገንዘብ ሕግ ወደ ፓርላማ በቀረበ ጊዜ ምክር ቤቱ ሳያሳልፈው ስለ ቀረ፣ ራስ አስተዳደሩ ራስ ብቻ ሆኖ እጅ አጣ። የዘመኑ ሰዎች ስለ መሬት ሥሪቱና ስለ ባላባቱ ጥቅም የሚያነሡት ምክንያት ሁሉ እውነትነት ቢኖረውም፣ ሙከራውን ባጭሩ የቀጨው ገንዘብ የሌለው ሥልጣን መሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና የከተማ ቤት አዋጆች የገበሬ ማኅበርንና የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበር አቋቁመው ቀበሌን በየመንደሩ ተከሉት። ቀበሌው ግን ብዙውን ጊዜ ከላይ የሚወርደውን ትእዛዝ የሚያደርስ እጅ እንጂ ከታች የሚነሣውን ጥያቄ የሚያደርስ አፍ አልሆነም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዚያ እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ አዘዘ፤ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ገንዘቡ በጥቅል ድጎማ መልክ ወደ ወረዳ መውረድ ጀመረ። ኩርሙክ የምትገኝበትን ቤኒሻንጉል ጉሙዝን የመሰሉት ክልሎች ይህንኑ መንገድ የተከተሉት ዘግይተው ነው።

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ፤ ብዙ ሰው በጀት የሚሠራው በሐምሌ ይመስለዋልና ከዚሁ እንጀምር። የመንግሥት ዓመት የሚብተው ሐምሌ 1 ቀን ሲሆን፣ የወረዳው ምክር ቤት አባላት ተሰብስበው እጃቸውን የሚያወጡትም በዚያው ሰሞን ነው። ነገር ግን የሐምሌው ጉባኤ የመጨረሻው ገጽ ነው። ከዚያ በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር ጀምሮ ባሉት ወራት፣ ቀበሌው የጎደለውን ይዘረዝራል፤ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ዕቅዳቸውን ያዘጋጃሉ፤ ክልሉ በቀመር አስልቶ ለወረዳው የሚደርሰውን ድጎማ ያስታውቃል፤ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱም ለያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የበጀት ጣሪያ ይሰጣል፤ ካቢኔው ደግሞ የማን ጥያቄ እንደሚገባና የማን እንደሚቀር ይቆርጣል። ጣሪያው ከተመታ በኋላ ግድግዳው ይፍረስ ማለት የሚቻል አይደለም፤ በሐምሌ ተነሥቶ «የኛ ቀበሌ ድልድይስ?» የሚል የምክር ቤት አባል ከአፈ ጉባኤው የሚያገኘው መልስ «ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል» የሚል ነው፤ መልሱም እንደ ስድብ ቢሰማም እውነት ነው።

ሁለተኛው ነገር ወረቀቱን ማንበብ ነው። የወረዳ በጀት መደበኛና ካፒታል ተብሎ ይከፈላል፤ መደበኛው ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ሲሆን፣ ካፒታሉ አዲስ የሚሠራው ክፍል፣ የሚቆፈረው ጉድጓድ፣ የሚጠረገው መንገድ ነው። እያንዳንዱ ወጪ የራሱ ቁጥር አለው፤ 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ነው፣ 6217 ነዳጅና ቅባት ነው፣ 6231 የውሎ አበል ነው። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያወቀ ገበሬ ካላወቀ ባለ ዲግሪ ይልቅ በስብሰባው ላይ ብዙ ይጠቅማል ብል አጋነንክ አትበሉኝ። በአብዛኛው ወረዳ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው 6111 ስለ ሆነ፣ ለክርክር የሚተርፈው ገንዘብ ሕዝቡ ከሚገምተው እጅግ ያነሰ ነው፤ ስለዚህም «ይጨመርልን» የሚለው ጩኸት ብዙ ጊዜ ባዶ ከረጢት የመምታት ያህል ይሆናል። የሚያዋጣው ክርክር ሌላ ነው፤ ደመወዙ የተከፈለው መምህር ክፍል ውስጥ ነበርን? ነዳጁ የተቀዳለት መኪና ወዴት ሄደ? አበሉ የተበላበት ስብሰባ ምን ወለደ? እነዚህ ጥያቄዎች አንድ ሳንቲም ሳያስጨምሩ በጀቱን እጥፍ የማድረግ ኃይል አላቸው።

በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ስሙን በማላነሣው አንድ ቀበሌ፣ በማንጎ ዛፍ ሥር በተጠራ ስብሰባ ላይ ከዓመታት በፊት የመገኘት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ከወረዳው የመጣው የፋይናንስ ባለሙያ ወጣት ነው፤ የላብ ጠብታ ያረፈበትን ወረቀት ይዞ ቁጥሩን በአማርኛ ይደረድራል፣ አንድ ጎልማሳ ደግሞ ወደ በርትኛ ይመልሳል። ሽማግሌዎቹ ከፊት በአግዳሚ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ራቅ ብለው ከዛፉ ጥላ ጫፍ፣ ልጆቻቸውን እያጠቡ ያዳምጣሉ። ባለሙያው 6217 እያለ ሦስት አራት ጊዜ ከጠራ በኋላ አንዲት ባልቴት ከኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁ፤ አስተርጓሚው እየሣቀ ወደ አማርኛ መለሰው።

«ልጄ፣ ይህ ስድሳ ሁለት ዐሥራ ሰባት የምትለው ሰው ማን ነው? ከጤና ኬላችን ይልቅ ለእሱ በዛለት።»

ስብሰባው በሣቅ ተናወጠ። ወጣቱም ሣቀና፣ «ሰው አይደለም እማማ፤ ነዳጅ ነው፣ የመኪና» አላቸው።

«እንግዲያስ መኪናው ዘንድሮ ወደኛ ስንት ጊዜ መጣ?»

ሣቁ ቀረ። ወጣቱ ወረቀቱን ገለጠ፣ መልሶ ገለጠ፤ መልሱ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። «አጣርተን እናሳውቃለን» ብሎ ወደሚቀጥለው ቁጥር አለፈ። ስብሰባው ሲያበቃ ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ሲዞር እኔም አየሁት፤ በመጨረሻው መሥመር ላይ የሠፈረው «ነዋሪዎች በበጀቱ ላይ በሰፊው ተወያይተው በሙሉ ድምፅ ተቀብለዋል» የሚል ነበር። የባልቴቲቱ ጥያቄ በሣቁ መካከል ቀልጦ ቀርቷል። ከዚያ ቀን በኋላ የቃለ ጉባኤን መጨረሻ ሳላነብ የመጀመሪያውን አላምንም።

እንዲህ ያለው ጥያቄ በሣቅ እንዳይቀር የተበጀ ሥርዓት አለ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ለጋሽ አገሮች በቀጥታ ለማእከላዊው መንግሥት የሚሰጡትን የበጀት ድጋፍ ባቋረጡ ጊዜ፣ ገንዘቡ ለወረዳ አገልግሎት መዋሉ የሚረጋገጥበት የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም በ1998 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ከዚሁ ጋር የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት የተባለው አሠራር መጣ። በብዙ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በር አጠገብ የሚታየው፣ ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለውኃ ይህን ያህል የሚል የተለጠፈ ሠንጠረዥ የዚህ ፍሬ ነው። ከጎኑም ማኅበራዊ ተጠያቂነት የሚባለው ተተከለ፤ በዚህ ሥርዓት ነዋሪዎች በየወገናቸው፣ ሴቶቹ ለብቻ፣ ወጣቶቹ ለብቻ ተቀምጠው ለጤና ጣቢያቸው ወይም ለውኃቸው ነጥብ ይሰጣሉ፤ ሠራተኞቹም ለራሳቸው ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከዚያም ሁለቱ ወገኖች ገጽ ለገጽ ተገናኝተው የነጥቡን ልዩነት ይመረምራሉ፣ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚያደርግም ይጻፋል። ሴቶች ለብቻቸው መቀመጣቸው ጥቂት ነገር አይምሰላችሁ፤ ከዛፉ ጥላ ጫፍ የምትናገር ሴት ድምፅዋ ሊቀልጥ ይችላል፣ የሴቶች ሁሉ ነጥብ ግን ወረቀት ላይ ከሠፈረ በኋላ በሣቅ አይፋቅም።

በበርታዎች ዘንድ ዙምባራ የሚባለው፣ ከቅል የሚሠራው የትንፋሽ መሣሪያ ሲነፋ ያየ ሰው የማኅበርን ምክር የሚያስታውስ ነገር ያገኛል። እያንዳንዱ ነፊ ከመሣሪያው የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚወለደው እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ የራሱን ድምፅ በስፍራው ሲያኖር ነው፤ አንዱ ዝም ቢል ዜማው ቀዳዳ ያወጣል። ምሳሌው ግን ወረዳ ላይ ሲደርስ እንደሚያነክስ ራሴም አውቃለሁ፤ በዙምባራው የሁሉም ነፊ ትንፋሽ እኩል ሲሆን፣ በስብሰባው ላይ ግን የአንዱ ትንፋሽ ረጅም፣ የሌላው አጭር ነው።

በባሕር ማዶ የሚነገረውን ምሳሌ የሚወዱ ወገኖች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት የሰሜን አሜሪካን የኒው ኢንግላንድ ከተሞች ነው። ከዐሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በዚያ አገር ነዋሪው በእንደራሴ ሳይሆን በራሱ እየተሰበሰበ ይመክራል፤ በቨርሞንት የፈረንጆቹ መጋቢት በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ገበሬውና ባለ ሱቁ በትምህርት ቤት አዳራሽ ተቀምጠው የበረዶ መጥረጊያው መኪና ይገዛ ወይስ ይቆይ እያሉ ወጪውን በየመሥመሩ በድምፅ ይወስናሉ። በብራዚልም ፖርቶ አሌግሬ የተባለችው ከተማ በ1981 ዓ.ም. የጀመረችው ሥርዓት፣ የድኃ ሠፈር ነዋሪዎች የከተማይቱ አዲስ ሥራ ገንዘብ ወዴት እንዲውል ራሳቸው ቅደም ተከተል እንዲያወጡ በማድረጉ በዓለም ዘንድ ታወቀ። ይህን ማወቅ መልካም ነው፤ መመሰል ግን ወሰን አለው። የቨርሞንት ሰው የሚከራከረው በአብዛኛው ከራሱ ቤትና መሬት በተሰበሰበ ቀረጥ ላይ ስለ ሆነ፣ እጁን ሲያወጣ ኪሱን እየዳሰሰ ነው። የኛ ወረዳ ገንዘብ በብዛት የሚመጣው ከላይ ነው፤ ወረዳው ራሱ የሚሰበስበው የእርሻ ገቢ ግብር፣ የመሬት መጠቀሚያና የአነስተኛ ነጋዴዎች ግብር ከሚያወጣው ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው። ስጦታ የመሰለን ገንዘብ ስለ አወጣጡ መጠየቅ ደግሞ ለጨዋ ሰው ያሳፍራል፤ በጠረፍ ወረዳዎች የበጀት ክርክር ከሚያቀዘቅዙት ነገሮች አንዱ ይህ እፍረት ይመስለኛል። ድጎማው ግን ስጦታ አይደለም፤ ባልቴቲቱ ለገዙት ስኳርና ሳሙና ዋጋ ሲከፍሉ ግብራቸውን አብረው ከፍለዋል።

በኩርሙክ የበጀቱን ክርክር የሚያከብዱት ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው ወርቅ ነው። በቀድሞ ዘመን የግብፁ ገዢ መሐመድ ዓሊ ወታደሮቹን ወደ ፋዙግሊና ወደ ቤኒሻንጉል አቅጣጫ የሰደደበት ወርቅ ዛሬም አላለቀም፤ በዚሁ አካባቢ በዲሽ ተራራና በአሻሽሬ የኩርሙክ የወርቅ ማዕድን ተብሎ የተሰየመው ትልቅ ሥራ ተይዟል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 98 ከከፍተኛ የማዕድን ሥራ የሚገኘውን የገቢ ግብርና ሮያሊቲ የፌዴራሉ መንግሥትና ክልሉ በጋራ የሚጥሉትና የሚሰበስቡት አድርጎታል፤ ስለዚህ ተራራው ተቆፍሮ በሚገኘው ገንዘብ ላይ የወረዳው ምክር ቤት እንደ ግል ከረጢቱ አያዝም። ይሁን እንጂ ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ የልማት ሥራ ላይ አሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ በገበቴዋ ወርቅ ስታጥብ የኖረች ሴት ወንዟ ወዴት እንደሚዞር የመጠየቅ መብቷ ከዚህ ይመነጫል፤ ጥያቄዋም የሚመዘገብበት የቅርቡ ስፍራ የቀበሌዋ ጉባኤ ነው።

ሁለተኛው ስደተኛ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት ወደ ምሥራቁ ወገን በዘለቀ ጊዜ፣ ብዙ ሰዎች ወንዙን ተሻግረው በኩርሙክ የመሸጋገሪያ ጣቢያ ተጠለሉ፤ በኋላም ከፊሎቹ ወደ ኡራ መጠለያ ተወሰዱ። ጉድጓዱ ያው ነው፣ ጤና ጣቢያው ያው ነው፣ የሚቀዳውና የሚታከመው ግን በዛ። የበጀት ቀመር የሚቆጥረው በነዋሪነት የተመዘገበውን ሰው ሲሆን ውኃ የሚጠጣው ግን የተጠማ ሁሉ ነው። የኩርሙክ ሰው ዘመዱን ከደጁ አልመለሰም፤ ነገር ግን የእንግዳ ተቀባይነቱ ወጪ በየትኛው መሥመር እንደ ተጻፈ፣ ከረድኤት ድርጅቶች የመጣውስ በወረዳው ዕቅድ ውስጥ ተቆጥሮ እንደ ሆነ መጠየቅ ለእንግዳውም ለባለ ቤቱም ይበጃል።

ስለ ምክር ቤቶቹ አንድ ደስ የማይል ነገር ሳልናገር ባልፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። በመላው አገር የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው፤ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ይገባው የነበረው ተራዝሞ ዓመታት አልፈዋል። እንግዲህ ዛሬ በብዙ ወረዳ በጀት የሚያጸድቀው ሸንጎ የሥራ ዘመኑ ያለፈበት፣ አባላቱም በሞት፣ በዝውውርና በስደት የሳሱበት ነው። የተመራጩ ሥልጣን ከመራጩ ድምፅ የሚመነጭ ከሆነ፣ ምንጩ ሳይታደስ ይህን ያህል መቆየቱ ታላቅ ጉድለት ነው፤ ጉድለቱንም የነጥብ ወረቀትና የተለጠፈ ሠንጠረዥ አይሞላውም።

እስከዚያው ድረስ ግን ከረጢቱ በየዓመቱ ይፈታል፣ ይታሰራል። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ወረዳህ ኩርሙክም ይሁን ሆሞሻ፣ መንዝም ይሁን ወልቃይት፣ ጥያቄህን ይዘህ ወደ ቀበሌህ የምትሄደው በሐምሌ ሳይሆን በጥር ይሁን፤ ስትሄድም ከወረዳው በር ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አስቀድመህ ተመልከት፤ ካልተለጠፈ ለምን እንዳልተለጠፈ ጠይቅ። ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ሲደርስህም ጥያቄህ በውስጡ መጻፉን ሳታረጋግጥ እስክሪብቶውን አትቀበል።